የጠመንጃ ዘይት ከአኩሪ አተር? ይሁን! ግን ማን ፈተነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛም ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የአሜሪካ ጦር ጠመንጃና መትረየስ የሚወልወልበትን ከነዳጅ የሚወጣ ማጠቢያና ዘይት፣ ከአኩሪ አተር፣ ከብርቱካን ልጣጭና ከመሳሰሉት በተሠራ ምርት ለመተካት ሙከራ ሲደረግ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ሁለት ጎራ ይለያል። አንደኛው ወገን «ሰው የሚገድል ብረት አካባቢ እንዳይበክል ተጨነቁ እንዴ? ቀልደኞች!» ብሎ ይስቃል። ሌላው ደግሞ «ከተክል ከተሠራማ ምን ፈተና ያሻዋል? ግዙ!» ይላል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። የአንደኛው ስህተት የወታደሩን ጤና ይበላል፤ የሁለተኛው ስህተት ደግሞ ሕይወቱን።

በቅድሚያ ለሳቂዎቹ። ለመሆኑ ጠመንጃ የሚወለውለው ማን ነው? ጄኔራሉ ነው? ሚኒስትሩ ነው? አይደለም! ተራው ወታደር ነው፤ ያውም በባዶ እጁ፣ በጨርቅ፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ። የታደለው መንግሥት የሰጠውን ማጠቢያ ይጠቀማል፤ ያልታደለው ናፍጣና ነጭ ጋዝ ያገኛል። ያ ሁሉ በቆዳው ይገባል፣ በአፍንጫው ይገባል፣ የተረፈው መሬት ላይ ይደፋል። መሬት የጠጣውን ደግሞ ጉድጓድ ውሃ መልሶ ያጠጣል።

ይህ ተረት አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ካምፕ ለጁን በተባለው የባሕር ወለድ ጦር ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1987 የመጠጥ ውሃው ትራይክሎሮኤትሊን፣ ፐርክሎሮኤትሊንና ቤንዚን በተባሉ መርዞች ተበክሎ ነበር። ትራይክሎሮኤትሊን ማለት ከብረት ላይ ቅባትና እድፍ ማስለቀቂያ ኬሚካል ነው። ብክለቱ ሁሉ ከጠመንጃ መወልወያ መጣ አንልም፤ ከሰፈሩ ውጭ የነበረ የልብስ ንጽህና ቤትና ከመሬት በታች የሚያፈስሱ የነዳጅ ታንከሮችም እጃቸው ነበረበት። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ብክለቱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ፤ በይበልጥ የተበከሉት ጉድጓዶች በ1984 እና በ1985 ተዘጉ፤ ተጎጂዎች መንግሥትን እንዲከሱ በር የከፈተላቸው ሕግ ግን የተፈረመው በነሐሴ 2022 ነው። ወታደር ሆኖ ውሃ የጠጣ፣ ሚስቱና ልጁ የጠጡ፣ ፍትሕ ለመጠየቅ ብቻ ይህን ያህል ዓመት ጠበቀ! እንግዲህ የምትስቁ ሳቁ!

አሁን ደግሞ ለአጨብጫቢዎቹ። «ከተክል የመጣ ሁሉ ጤና ነው» ያላችሁ ማነው? ጉሎ ተክል አይደለም እንዴ? ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ሰው የሚገድል መርዝ አለ። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ሊሞኒን ቅባት በማሟሟት የተዋጣለት ነው፤ አየር አግኝቶት ሲቆይ ግን ቆዳ የሚያስቆጣ ይሆናል። ደግሞም ተኩስ የሚተወው እድፍ ውስጥ ከጥይቱ መለኮሻና ከአረሩ የሚወጣ እርሳስ አለ። ማጠቢያው የአኩሪ አተር ስለሆነ እርሳሱ ጨርቁ ላይ ጸበል አይሆንም! ጓንትና የእጅ መታጠቢያ የትም አይቀርም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከ2011 ጀምሮ ለእነዚህ ምርቶች የሚሰጠው ምልክት አለ። ምልክቱ የሚለካው ምንድን ነው? በካርቦን 14 ምርመራ፣ በምርቱ ውስጥ ካለው ካርቦን ስንት እጁ ከዕፅዋትና ከመሳሰሉት፣ ስንት እጁ ከከርሰ ምድር ነዳጅ እንደመጣ ነው። በቃ! መርዝ ነው አይደለም፣ ጠመንጃው ይተኩሳል አይተኩስም የሚለውን አይነግርም። ሻጩ ግን ይህችኑ ምልክት ይዞ የምሥክር ወረቀት ያገኘ ያህል ይፎክርባታል።

የዘይቱን ጠባይ ደግሞ የእኛ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ለዚህም ነው የእንጨት ሰደፍ የሚታሸው፣ የሠዓሊ ቀለምም የሚለወሰው በእሱ የሆነው። ለሰደፉ መድኃኒት የሆነው ጠባይ ለተንቀሳቃሹ ብረት ግን ማነቆ ነው፤ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። የኑግ ዘይትም ቶሎ ከአየር ጋር የሚዋሃድ አሲድ የበዛበት ነው። ጉሎ ይሻላል፤ በ1914ቱ የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮችን ያለሰለሰ እሱ ነው። ግን ብርድ ላይ ይወፍራል። በእርግጥ ፋብሪካዎቹ የወጥ ቤት ዘይት ገልብጠው አይሸጡም፤ ዘይቱን በኬሚስትሪ ይለውጡታል፣ እንዳይደርቅ የሚያደርግም ይጨምሩበታል። ተሳክቶላቸው ይሆን? ይህን የሚናገረው ማስታወቂያ ሳይሆን ፈተና ነው።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ጦር ሲ.ኤል.ፒ. የሚለው ዘይት በአንድ ጊዜ ማጽዳት፣ ማለስለስና ከዝገት መጠበቅ አለበት፤ ከዜሮ በታች ከ51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 71 ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንዲሠራ ይጠበቃል። በላብራቶሪ አንድ ቀን አብረቅርቆ መታየት ፈተና አይባልም። አሸዋ ውስጥ፣ ጨው ውስጥ፣ ደግሞም ወራት መጋዘን ከቆየ በኋላ ነው ወሬው።

ፈተና ሲጭበረበር ምን እንደሚከተል ቬትናም ትመስክር። ኤም 16 ጠመንጃ ሲሞከር አንድ ዓይነት ባሩድ ነበረው፤ ጦር ሜዳ ሲወርድ ባሩዱ ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ የበለጠ ያቆሽሻል፣ የተኩሱንም ፍጥነት ከልክ በላይ ያስሮጣል። አምራቹ ኮልት ግን ጠመንጃዎቹን ለርክክብ የሚያስፈትነው በቀድሞው ባሩድ እንዲሆን ተፈቀደለት! ፈተናው በአንዱ፣ ጦርነቱ በሌላው! በዚያ ላይ «ብዙ መወልወል አይፈልግም» ተብሎ መወልወያው በወጉ ሳይታደል ቀረ። ጠመንጃው ቀለሁን አልተፋም አለ፤ ልጆቹ የነከሰ ጠመንጃ እንደታቀፉ ሞቱ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼ ነው። በኢኮርድ የተመራው የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ በጥቅምት 1967 ባወጣው ሪፖርት የባለሥልጣናቱን ቸልተኝነት ከወንጀል የሚጠጋ ነው አለው። የሞቱት ግን አልተነሱም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2002 የወጣው የአሜሪካ የግብርና ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዕፅዋት የተሠሩ ምርቶችን በግዢ እንዲያስቀድሙ ያዛል። ለውጊያና ከውጊያ ጋር ለተያያዘ ተግባር የሚገዛ ዕቃ ግን ከግዴታው ነጻ ነው። ግንባር ላይ ላለ ወታደር ይህ ነጻነት ተገቢ ነው፤ ያልተፈተነ ዘይት አስይዞ ማንም ልጁን ወደ እሳት አይልክም። ነገር ግን አብዛኛው ጠመንጃ የሚወለወለው የት ነው? ግንባር ነው? ኧረ አይደለም! በሰላም ጊዜ፣ ጦር ሰፈር ውስጥ፣ ከዒላማ ተኩስ በኋላ ነው። እዚያም «ውጊያ ነው» እያሉ በመርዝ ማሳጠብ የሕጉን ቀዳዳ መሸሸጊያ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ማጠቢያውንና ዘይቱን ለያዩት! በጦር ሰፈር ለማጠብ ከተክል የተሠራውን አስቀድሙ፤ ቢያንስ ወታደሩን ከመጥፎው ሽታ ገላግሉት። ብረቱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ግን ፈተናውን ሙሉ በሙሉ ባለፈ ዘይት ይቀባ፤ ከተክልም ሆነ ከነዳጅ። ሁለተኛ፣ ሻጭ ራሱን አይፈትን። «ዕቃዬ መጥፎ ነው» የሚል ነጋዴ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ሦስተኛ፣ የተፈተነው ዘይትና የታደለው ዘይት አንድ ይሁን፤ ቅመሙ ከተለወጠ ፈተናው እንደገና ይጀመር። አራተኛ፣ የወደቀውም ያለፈውም ውጤት ይታተም፤ የሚወለውለው ወታደርም ይጠየቅ።

«የአሜሪካ ጦር በምንም ቢወለውል እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል! በዚያ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የሐበሻ ልጆች አሉ። ጉሎውም፣ ኑጉም፣ ተልባውም የእኛው ደጅ ሰብል ነው፤ ነገ አንዱ ነጋዴ በቆርቆሮ አሽጎ «ከተክል የተሠራ» ብሎ ይዞልን ሲመጣ፣ ስንት ጊዜ ተተኮሰበት፣ ማን ፈተነው፣ የወለወለው ልጅ እጅ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ከአሁኑ ይለመድ። አለዚያ ለውጡ ሁሉ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!