ጓደኝነት የትዳር ተራ መጠበቂያ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን «ቲሩቺትራምባላም» የተባለ የታሚል ፊልም ብዙዎች «ስለ ጓደኝነት የተሠራ ምርጥ የፍቅር ኮሜዲ» ይሉታል። ምርጥ ኮሜዲ መሆኑን አልክድም። ስለ ጓደኝነት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ፊልሙ ጓደኝነትን ሲያወድስ ቆይቶ በመጨረሻ «ብቻውን አይበቃም» ብሎ የሚፈርድበት ፊልም ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እኛ «የህንድ ፊልም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የሂንዲውን ማለታችን ነው። ታሚል ግን ሌላ ቋንቋ ነው፤ ማዕከሉን ቼናይ ያደረገ የራሱ ትልቅ የፊልም ኢንዱስትሪ አለው። በዚህ የሚትራን ጃዋሃር ፊልም ዳኑሽ የምግብ ዴሊቨሪ ሠራተኛ ነው። ከፖሊስ አባቱ ጋር ተኳርፎ፣ ከአያቱ ጋር እየተቀላለደ ይኖራል። እዚያው ሕንጻ ላይ ሾባና የምትባል የልጅነት ጓደኛ አለችው፤ ኒትያ ሜነን ትጫወታታለች። ልጁ አንዷን ይወዳል፣ አይሳካም። ሌላዋን ይወዳል፣ አሁንም አይሳካም። ከጎኑ የማትጠፋው ሾባና ናት። በመጨረሻ አያቱ ዓይኑን ወደ እሷ ያዞሩለታል። ለካ እሷም ስትወደው ኖራለች!

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ ሁሉ ማጽናናት ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ጓደኛ ያልናት ሴት ለካ ወረፋ ይዛ ነበር።

ብቸኛው ፊልም ቢሆን ባለፍኩት። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው የአሽዋት ማሪሙቱ «ኦ ማይ ካዳቩሌ» ላይም የልጅነት ጓደኛሞች ይጋባሉ፤ ትዳሩ አልሆን ሲል ፈጣሪ ራሱ በቪጃይ ሴቱፓቲ አምሳል መጥቶ ለባልየው ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል። ዕድሉ ምን ያስተምረዋል? ጓደኛው ትክክለኛዋ ሚስት እንደነበረች!

«ፊልም ነው፣ ምን አከበደው?» የሚል ይኖራል። በታሚል ናዱ ዛሬም ትዳር በአብዛኛው ቤተሰብ የሚመርጠው፣ ካስት የሚታይበት ጉዳይ ነው። እዚያ አንዲት ልጅ ከወንድ ጋር ታይታ «ጓደኛዬ ነው» ብትል የሚጠረጥራት ጎረቤት አይጠፋም። እነዚህ ፊልሞች የሚያግዙት ልጅቷን አይደለም። «አላልኳችሁም?» የሚለውን ጎረቤት ነው።

የሚገርመው የድሮዎቹ ይደፍሩ ነበር። በ1990 የወጣው የቪክራማን «ፑዱ ቫሳንታም» ላይ አንዲት ሴት ከአራት ወንድ ጓደኞች ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች። ፍቅረኛዋ መጥቶ ሲጠረጥራት የምትተወው ጓደኞቿን ሳይሆን እሱን ነው። በ1996 የካቲር «ካዳል ዴሳም» ሁለት ጓደኛሞች በአንዲት ልጅ ፍቅር ይወድቃሉ፤ እሷ ግን አንዳቸውንም ሳትመርጥ የሁለቱም ጓደኛ ሆና መቀጠልን ትመርጣለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፎ ወደ ኋላ መሄድ ምን ይባላል?

ሐቁን እንናገር ካልን «ቲሩቺትራምባላም» የሚመሰገንበት ነገር አለው። «እምቢ» ያለችውን ሴት እሺ እስክትል የሚከታተል ጀግና በታሚል ሲኒማ ብዙ ታይቷል። ይህ ልጅ ግን እምቢታን ተቀብሎ፣ አልቅሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሴትን አለማሳደድ አንድ ነገር ነው፤ ያላሳደዷት ሴት ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ ማድረግ ደግሞ ሌላ። ኒትያ ሜነን በዚህ ሚና በ70ኛው የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ምርጥ ተዋናይት ተብላ በጋራ ተሸልማለች። ይገባታል። ሾባና ግን ሌሎችን ሲወድ እያየች ዝም ላለችባቸው ዓመታት ማን ካሳት? ፊልሙ ካሳው ራሱ ልጁ ነው ይለናል።

ጓደኛሞች አይጋቡ አላልኩም። ይጋቡ፣ ይውለዱ፣ ይክበዱ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ለምን? በወንድ ጓደኛዋ ሠርግ ላይ ከልቧ ጨፍራ፣ በማግስቱም ያው ጓደኛው ሆና የምትቀጥል ሴት የፊልም ማብቂያ መሆን የማትችለው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለችው ሴት በሕይወት ውስጥ ሞልታለች። ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው የጠፋችው።