ከፕሮሰሰሩ በፊት ማዘርቦርዱ

የድሮ ኮምፒውተር መልሶ ለመገጣጠም የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው። በተማሪነት ዘመኑ በመጽሔት ላይ አይቶ የጎመጀው፣ ያኔ አቅሙ ያልፈቀደለት ፔንቲየም ወይም ኬ6 ዛሬ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ በፖስታ ይላካል፤ በመዳፍ ላይ ሲያስቀምጡትም ስሙና ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል። ማዘርቦርዱ ግን ስም የለሽ ነው። ገዢው በኋላ ይፈለጋል ብሎ ይተወዋል፤ የፕሮሰሰሩን እግሮች የሚቀበል ቦርድ ሲያገኝም ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለው የጭስ ሽታ፣ ጥቁር ስክሪን ወይም ምክንያቱ የማይታወቅ መንቀርፈፍ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ ይወሰናል፣ ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ይመረጣል፣ ፕሮሰሰሩ የሚገዛው በመጨረሻ ነው።

ይህ ክርክር በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ ቢነሣ እንግዳ አይሆንም። ኢንተርኔት ለሕዝብ ከመዳረሱ በፊት ሰዎችን በስልክ መስመር ከኮምፒውተር ጋር ያገናኝ የነበረው ኮምፑሰርቭ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው በዚችው ከተማ ነው። ዛሬ በየስልኩ የሚንቀሳቀሱት የጂአይኤፍ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1987 የተወለዱት በዚሁ ኩባንያ ውስጥ ነው። ማይክሮ ሴንተር የተሰኘው የኮምፒውተር ዕቃ መደብርም እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራውን የጀመረው እዚያው ነው። ከመሀል ከተማው በሳዮቶ ወንዝ ማዶ የሚገኘው ፍራንክሊንተን ደግሞ በዕድሜ ከኮሎምበስም ይቀድማል። ሉካስ ሰሊቫንት እ.ኤ.አ. በ1797 ሲቆረቁረው የመረጠው የወንዙን ዳር ረባዳ መሬት ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ጎርፍ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1913 የመጣው ጎርፍ ሰፈሩን አጥለቅልቆ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። የጎርፍ መከላከያው ግንብ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የአዲስ ግንባታ ጉዳይ በጥብቅ ደንብ የታሰረ ነበር። በዚሁ ሰፈር የሚገኘው ኮሳይ የተባለው የሳይንስ ማእከል እ.ኤ.አ. በ1999 የገባው በቀድሞው ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ነው፤ አሮጌው ፊት እንዳለ ሆኖ ከጀርባው አዲስ ሕንፃ ተቀጠለለት። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ሥራ ሲሠሩ ነባሩ ግንብ ምን ያህል እንደሚሸከም ሳይለኩ አይጀምሩም። ኮምፒውተር ገጣጣሚው ግን ይህን ልኬት ይዘለዋል።

በኮሎምበስም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ ከትዝታ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአማርኛ የተጻፉ የማኅበር ቃለ ጉባኤዎች፣ የዕድር መዝገቦች፣ ጋዜጦችና ሳይታተሙ የቀሩ መጻሕፍት በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው የቀሩት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ሥርዓት ያስቀምጡ ነበር። የዘመኑ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው የግዕዝ ሆሄያት ከነቁጥራቸውና ከነሥርዓተ ነጥባቸው ከ300 ይበልጣሉ፤ ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፍለው ነበር፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ምልክቶች ይቀጥለው ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፍሎፒ ዲስክ ግን ይለቃል። መግነጢሱ በዓመታት ይደክማል፣ ሻጋታም ያገኘዋል። እነዚያን ሰነዶች በተጻፉበት መልክ ለማየት የዘመኑ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ማዘርቦርድ መምረጥም እዚህ ላይ ከጨዋታነት ይወጣል።

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ መግጠምና መስማማት አንድ አለመሆናቸው ነው። የቤት ሶኬት ሁሉ የሰካነውን ሁሉ እንደሚቀበል የለመደ ሰው በፕሮሰሰር ሶኬት ይታለላል። ለዚህ ሶኬት 7 ጥሩ ምሳሌ ነው። የኢንቴል ፔንቲየም፣ የኤኤምዲ ኬ5 እና ኬ6፣ የሳይሪክስ ፕሮሰሰርም ሁሉም በዚሁ ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የሶኬት 7 ፔንቲየም ለሁሉም ክፍሉ የሚጠቀመው ወደ 3.3 ቮልት የሚጠጋ አንድ ቮልቴጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበው ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ ግን ለውስጠኛው ክፍሉ 2.8 ቮልት፣ ለውጭ መስመሮቹ ደግሞ 3.3 ቮልት ለየብቻ ይሻል። በ1998 የተከተለው ኬ6-2 ወደ 2.2 ቮልት ወርዷል። ከቀደምቶቹ የሶኬት 7 ቦርዶች ብዙዎቹ ቮልቴጁን ለሁለት መክፈል አይችሉም። ፕሮሰሰሩ በትክክል ይገባል፣ ማንሻው ይዘጋል፣ ኃይል ሲለቀቅ ግን ከመጠን በላይ ይግላል። በ486 ዘመንም ነገሩ ያው ነበር፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ዲኤክስ4 በ3.3 ቮልት የሚሠራ ሲሆን 5 ቮልት ብቻ በሚሰጥ ቦርድ ላይ ያለ አስማሚ ማስቀመጥ እሱን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ሶኬት 370 ሳይሆን አይቀርም። ቀደምት የሶኬት 370 ሴለሮኖች፣ ከዚያ ኮፐርማይን የተባለው ፔንቲየም 3፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ቱዋላቲን በቅርጽ አንድ በሆነ ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ። ሦስቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ባለሙያ ያልሆነ ዓይን በእግሮቻቸው አይለያቸውም። ሆኖም የአንዳንዶቹ እግሮች ተግባር ተቀይሯል፤ ቱዋላቲን ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት የምልክት ቮልቴጅም ከ1.5 ወደ 1.25 ወርዷል። ለኮፐርማይን የተሠራ ቦርድ ቱዋላቲንን ተቀብሎ ጭጭ ይላል። ሻጩ አልዋሸም፣ ገዢውም ሶኬቱን አልሳተም፤ የሳተው ቦርዱ ላይ ያለውን ቺፕሴት ማንበብ ነው።

ቺፕሴቱ የቦርዱ እውነተኛ መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። የኢንቴል 430ቲኤክስ 256 ሜጋባይት ራም ይቀበላል፤ ፈጣኑ መሸጎጫ ማስታወሻው የሚሸፍነው ግን የመጀመሪያውን 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 95 እና 98 ማስታወሻን ከላይኛው ጫፍ ጀምረው ስለሚይዙ፣ ራም የጨመረው ሰው ኮምፒውተሩን ያፈጠነ መስሎት ያዘገየዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህ ነው። ቀደም ብሎ የወጣው 430ኤችኤክስ ተጨማሪ የመለያ ቺፕ ሲገጠምለት እስከ 512 ሜጋባይት ይሸፍናል፤ ነገር ግን በኋላ የመጣውን ኤስዲራም አያውቅም። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ቦርዱ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ሥራው ነው። አማርኛ ለሚጻፍበትና ለሚነበብበት ኮምፒውተር 64 ሜጋባይት ከበቂ በላይ ነው።

ፍጥነትን የሚወስኑት ጃምፐሮችም የራሳቸው ቀልድ አላቸው። 233 ሜጋኸርዝ የሆነው ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ የሚፈልገው ማባዣ 3.5 ነው፤ ቦርዱ ላይ ግን ይህ ቁጥር ላይገኝ ይችላል። ፕሮሰሰሩ 1.5 የሚለውን አቀማመጥ ራሱ 3.5 ብሎ ያነብበዋል። ቦርዱ አይሆንም የሚለው ሁሉ አይሆንም ማለት አይደለም እንግዲህ፤ ቮልቴጁ ግን እንዲህ ያለ ድርድር አይቀበልም።

ያገለገለ ቦርድ ሲገዛ ደግሞ ዓይን ከሰነድ ይቀድማል። በ386 እና በ486 ቦርዶች ላይ በርሜል የመሰለች ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ተበይዳ ትገኛለች። ዓመታት ሲያልፉ ፈሳሿ ወጥቶ በአካባቢዋ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይበላል፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የሚታይበት ቦርድ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። በ2000 አካባቢና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የተሠሩ ቦርዶች ደግሞ ካፓሲተሮቻቸው አናታቸው አብጦ ወይም ፈንድቶ ይገኛል። እንደ ፍራንክሊንተን ባለ ረባዳ ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ ሲከማች የከረመ ዕቃ ከዚህ ሁሉ በላይ የእርጥበት ዝገት አለበት። በፎቶግራፍ ብቻ መግዛት የሚያዋጣው ሻጩ ባትሪውንና ካፓሲተሮቹን በቅርብ አንሥቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ሲሆን ነው።

ታዲያ የአማርኛ ፍሎፒዎቹን ለሚከፍት ኮምፒውተር የትኛው ቦርድ ይመረጥ? ሚዛኑ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደወጣው የኢንቴል 440ቢኤክስ ቺፕሴት ያደላል። ፔንቲየም 2ንና አብዛኞቹን ቀደምት ፔንቲየም 3ዎች ይሸከማል፣ የመሸጎጫ ገደቡ ራስ ምታት አይሆንም፣ ብዙዎቹ ቦርዶቹ ለአሮጌ ካርዶች የሚሆነውን የአይኤስኤ ማስገቢያ አልጣሉም። ከሁሉ በላይ የፍሎፒ መቆጣጠሪያው ሁለት ማንበቢያዎችን በአንድ ገመድ ያስተናግዳል፤ አንዱ ለ3.5 ኢንች፣ ሌላው ለትልቁ ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጡት የዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበቢያዎች ትልቁን ዲስክ ጨርሶ አያውቁትም፤ የኋለኛው ዘመን ማዘርቦርዶችም ከአንድ በላይ ማንበቢያ መቀበል ካቆሙ ቆይተዋል። በተጨማሪም ቢኤክስ ቦርዶች የኤቲኤክስ የኃይል መሰኪያ ስለሚጠቀሙ፣ በድሮዎቹ ኤቲ ቦርዶች ላይ ጥቁሮቹን ሽቦዎች መሀል ለመሀል አገናኝቶ የመሰካት ስጋት ይቀራል። እነዚያን ሁለት መሰኪያዎች አዛብቶ የሰካ ሰው ቦርዱን በአንድ ሰከንድ ይሰናበተዋል። ለሃርድ ዲስክም ልክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከ1999 በፊት የተጻፉ በርካታ ባዮሶች ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲያዩ ይደነዝዛሉ።

ተቃራኒው ሐሳብ ክብደት አለው። ዛሬ 86ቦክስን የመሰሉ ፕሮግራሞች የድሮውን ኮምፒውተር ከነማዘርቦርዱ በዘመናዊ ላፕቶፕ ውስጥ አስመስለው ያስነሣሉ፤ ግሪስዊዝል የተባለችው ትንሽ ሰሌዳም የድሮ ፍሎፒ ማንበቢያን በዩኤስቢ አገናኝታ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ታወጣለች። ስለዚህ ብረቱ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው አይሳሳትም፤ ሰነዶቹን ብቻ ለማትረፍ የሚፈልግ ሰው በዚህ መንገድ ቢሄድ ይሻላል። እንዲያውም ብቸኛ ቅጂ የሆነን ዲስክ ባልተፈተነ አሮጌ ማሽን ውስጥ መክተት ትልቅ ጥፋት ነው። መጀመሪያ ቅጂው ይውጣ፣ ዲስኩ ይቀመጥ፣ ከዚያ ማሽኑ ይሠራ። 86ቦክስ ራሱ ተጠቃሚውን መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ማዘርቦርድ እንደሚመርጥ ነው፤ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር የሚያሳየው ያ ቦርድ በሚችለው ልክ ነው። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት እዚያ ላይ መለማመድ ያለ ክፍያ የሚገኝ ትምህርት ነው።

ብረቱ ግን ለአንድ ነገር አይተካም። በ1990ዎቹ በአንድ የማኅበር ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ይጽፉ የነበሩ እናት ዛሬ ከዚያው ዓይነት ቁልፍ ሰሌዳ ፊት ቢቀመጡ የትኛው ፎንት የት እንደነበረ ጣታቸው ያስታውሳል፤ የፊደል አቀማመጡን መዝግቦ ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ የሚሠራ ወጣትም ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም። ማሽኑ መሠራት ያለበት እሳቸው በጤና ሳሉ ነው።

እንዲህ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። በአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ነው። በብዙዎቹ የድሮ የኃይል ሳጥኖች ጀርባ ላይ ያለችው ቀይ መቀየሪያ 115 ላይ እንዳለች ከተላከች፣ በጥንቃቄ የተመረጠው ቦርድ ገና በመጀመሪያው ቀን አደጋ ላይ ይወድቃል። ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት በጠፍጣፋ መፍቻ ወደ 230 መገፋት አለባት።