ዋንጫውን ለመጠየቅ ያፈረው ኳስ ተጫዋች

በማደሪያችንም ሆነ በሻይ ክበቡ ስለ እግር ኳስ ሲወራ የሚነሣው ስም ዘወትር የጎል አግቢው ስም ነው። ማን አገባ? ስንት አገባ? በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ጎሉ ከመግባቱ ከአሥር ሴኮንድ በፊት ኳሷን ከተጋጣሚው እግር ሥር የነጠቃት ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የኳስ ፍቅር የያዘኝ ሰው ስሆን፣ ከተጫዋቾች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንኑ ነጣቂውን ነው። ፈረንሳዊው ንጎሎ ካንቴ ይባላል።

ካንቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ከማሊ ከፈለሱ ወላጆች ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ የተጫወተው ሱሬን በምትባል የፓሪስ አጎራባች ከተማ በነበረ አነስተኛ ክለብ ነው። ታላላቆቹ ክለቦች ልጆችን በሚመለምሉበት ዕድሜ እሱን የፈለገው አልነበረም፤ አጭርና ቀጭን ነበራ! ቡሎኝ ወደሚባለው ክለብ ሲሄድ ዕድሜው 19 ሆኖ ነበር፤ እዚያም መጀመሪያ ያሰለፉት ለሁለተኛው ቡድን ነው። በ21 ዓመቱ ገና በፈረንሳይ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ የእኛው የሠልጣኞቹ ዕድሜ ነው። ፊሽካ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ በሙያው የተመሰከረላቸው ሰዎች ዓመታት ሙሉ በፊታቸው ሲሮጥ እያዩት አላዩትም። ለወደፊት መምህራን ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር ያለ አይመስለኝም።

በ2008 ዓ.ም. ሌስተር ሲቲ የእንግሊዝን ዋንጫ ሲወስድ እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በከተማችን ዲኤስቲቪ ቤት ሰው ሁሉ የሚጮኸው ለቫርዲና ለማህሬዝ ነበር። ይገባቸዋል፣ አልከራከርም። ቁጥሩን ስናይ ግን በዚያ ውድድር ዘመን ካንቴ ሸርተት እያለና እየተጋፈጠ 175 ጊዜ ኳስ አስጥሏል፤ በሊጉ እሱን የሚያህል አልነበረም። በዓመቱ ወደ ቼልሲ ተዛወረ። እሱ ከመምጣቱ በፊት 10ኛ ሆኖ የጨረሰው ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሻምፒዮን ሆነ፤ እሱ የለቀቀው ሌስተር ደግሞ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ አደረገ ማለቴ አይደለም፤ ቼልሲ አዲስ አሠልጣኝም ነበረው። ነገር ግን ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ለማየት የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 2018 ፈረንሳይ ሞስኮ ላይ ክሮኤሺያን 4 ለ 2 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን አነሣች። ተጫዋቾቹ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ሲስሙና ፎቶግራፍ ሲነሡ ካንቴ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ጓደኞቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ «እስቲ ለእኔም ስጡኝ» ለማለት ዐፍሮ ነው። እነሱው ናቸው ጠርተው ያስያዙት። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ደግሞ ከለንደን ወደ ፓሪስ የሚወስደው ባቡር አመለጠው። በአቅራቢያው ወዳለ መስጊድ ገብቶ ሲወጣ፣ እዚያ የተዋወቀው አንድ የአርሰናል ደጋፊ እራት ጋበዘው፤ እሺ ብሎ ሄደ። የዓለም ሻምፒዮን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በልቶ፣ ተጫውቶ፣ በቴሌቪዥን ኳስ አይቶ አመሸ። ለዓመታት ይነዳት የነበረችው መኪናም ትንሿ ሚኒ ኩፐር ናት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ዝምተኛ ስለሆነ ነው» የሚሉኝ የክፍል ጓደኞች አሉ። ከእነሱ ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ዝምታና ትሕትና ለየቅል ናቸው። ሜዳ ላይ ካንቴን ዐይናፋር የሚለው ካለ እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የሪያል ማድሪድን አማካዮች ምን እንዳደረጋቸው ይይ፤ በሁለቱም ጨዋታ ኮከብ እሱ ነበር፣ በፍጻሜውም ማንቸስተር ሲቲ 1 ለ 0 ሲሸነፍ እንዲሁ። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2018 ሜዲያፓርት የተባለው የፈረንሳይ የዜና ድርጅት በአወጣው ሰነድ መሠረት፣ ከክፍያው ከፊሉ ግብር ለመቀነስ በጀርሲ ደሴት ኩባንያ በኩል እንዲያልፍ የቀረበውን ሐሳብ አልቀበልም፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዜ ይከፈለኝ ብሏል። ይህ የዝምተኛ ሰው ሥራ ነው? በትልቅ ገንዘብ ፊት እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ለሳዑዲው አል ኢቲሃድ በብዙ ገንዘብ ፈረመ፤ «ትሕትናው የት ገባ?» ተባለ። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ሠርቶ ለድካሙ ዋጋ መቀበል ነውር አይደለም፤ ትሕትና ማለት በርካሽ መሥራት ነው የሚለው አነጋገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከከፋዩ ወገን የሚመጣ ነው። ይህን ነገር መምህራን ልብ ልንለው ይገባል መሰለኝ። ደግሞስ አበቃለት በተባለ ጊዜ፣ በ33 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ተጠርቶ ከኦስትሪያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ኮከብ ሆኖ ተመርጦ የለ እንዴ!

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ ልምጣ። በየዓመቱ በምናደርገው የክፍል ለክፍል ውድድር ሽልማት ያለው ለአሸናፊው ቡድንና ለኮከብ ጎል አግቢ ብቻ ነው። ውጤቱን በዐይናችን እናየዋለን። ሁሉም ወደ ፊት ይሮጣል፣ ተመልሶ የሚከላከል የለም፤ ኳስ የሚያቀብለው ልጅ በጭብጨባ ፈንታ ስድብ ያተርፋል። ነገ 60 እና 70 ልጆች ያሉበት ክፍል ስንገባስ? እጁን ቀድሞ የሚያወጣውንና ድምፁ የሚጎላውን ብቻ እያየን፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ለጓደኛው ክፍልፋይ በቀስታ የሚያስረዳውን ልጅ ሱሬን ላይ እንደተረሳው ልጅ ልንረሳው ነው።

ስለዚህ የስፖርት ኮሚቴው በመጪው ውድድር አንድ ሽልማት እንዲጨምር በአክብሮት አሳስባለሁ፤ ብዙ ኳስ ለነጠቀና በትክክል ላቀበለ ተጫዋች። ዋጋው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ቢሆንም ይበቃል። «ማን ይቆጥራል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። በየጨዋታው ከሁለቱም ክፍሎች አንድ አንድ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ መሥመሩ ዳር ቢቀመጥ፣ ከዕረፍት በኋላ የሁለቱ ቁጥር ቢነጻጸር ነገሩ ያልቃል። የስፖርት መምህራችን ቅጹን ቢያዘጋጁልን፣ ከእኛ ክፍል ለመቁጠር እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ከሌላው ክፍል የሚቆጥር ከዚሁ ጋዜጣ ሥር ስሙን ይጻፍ።