ስለ ፈጣን መክሳትና ስለ ሐሞት ጠጠር

ለጤናው ሲል ውፍረቱን ሊቀንስ የተነሣ ሰው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ችኰላው ሌላ ሕመም እንዳያመጣበት ለአንባቢዎቻችን ልናሳስብ እንወዳለን።

ሰው ምግቡን እጅግ አሳንሶ በቶሎ የከሳ እንደ ሆነ፥ ጉበቱ ኮሌስትሮል የሚባለውን ስብ ወደ ሐሞቱ አብዝቶ ያፈሳል። የሐሞቱም ከረጢት ቅባት ያለበት ምግብ ሲያጣ እንደ ልማዱ ተኰማትሮ ሐሞቱን አያፈስም፤ የተኛውም ሐሞት እየረጋ ሄዶ ወደ ጠጠር ሊለወጥ ይችላል። በሳምንት ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ የሚከሳ ሰው ለዚህ ይልቁን የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ ቅባትንም ፈጽሞ መተው አይገባም። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች ሊመገብ ያሰበ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ ጠጠሩ እንዳይፈጠር የሚረዳ መድኃኒት አለና።

ከምግብ በኋላ ከቀኝ ጐድን በታች ተነሥቶ ወደ ትከሻ የሚወጣውን ሕመም፥ ጨጓራ ነው ብሎ ችላ ማለት አደጋ አለው። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን የተጨመረበት እንደ ሆነ ግን፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ውፍረት በአንድ ወር አልመጣምና፥ በአንድ ወር እንዲሄድ አናስገድደው።