ጣና ኃይል አለው፤ የኬብል ፋብሪካ የሚቆመው ግን በመዳብ ነው

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ከጣና የሚወጣው ውኃ ዛሬ ግንድ ብቻ ሳይሆን መብራትም ይዞ ይዞራል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ግን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ መጣ። ከባሕር ዳር የተነሣው የኃይል መስመርም በጎንደርና በሸኸዲ አድርጎ የሱዳኗን ገዳሪፍ ነክቷል።

ታዲያ «ኃይሉ እዚህ ካለ ሽቦና ኬብሉስ ለምን እዚሁ አይመረትም?» የሚል ባለሀብት ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁንና ስሌቱ ከተሳሳተ ቦታ ይጀምራል። ኬብል መሥራት ብረት እንደ ማቅለጥ አይደለም። የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ይገዛል፤ እየተሳበ ይቀጥናል፤ ይገመዳል፤ ፕላስቲክ ይለብሳል። ከወጪው ትልቁን እጅ የሚወስደው ብረቱ እንጂ የመብራት ሂሳቡ አይደለም።

ብረቱ ደግሞ የሚገዛው በዶላር ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በለንደን የብረታ ብረት ገበያ የአንድ ቶን መዳብ ዋጋ ከ11,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ጥሬ ዕቃውን በብድር ለሚያስመጣ አምራች ይህ ሁለት በትር ነው።

እዚህ ላይ የግብፁ ኤልስዊዲ ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው በኤሌክትሪክ ዕቃ ንግድ ነው። ወደ ማምረት የገባው በ1984 ሲሆን፣ በመካከሉ 46 ዓመት አለ። ደንበኛውን፣ የዱቤውን ጠባይ፣ የሚሸጠውንና የማይሸጠውን ዕቃ ለይቶ ካወቀ በኋላ ነው ማሽን የተከለው። በኢትዮጵያም ፋብሪካውን ያቆመው ኃይል ከሚመነጭበት ሳይሆን ገዢው ካለበት፣ ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ዱከም ላይ ነው። በዓባይ ውኃ የሚሟገቱት ሁለት አገሮች በኬብል ገበያ ተገናኙ ማለት ነው። ንግድ እንዲህ ነው።

የባሕር ዳር የራሷ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ጢስ ዓባይ የተገነባው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኃይል እንዲሰጥ ነው። ፋብሪካው ኃይሉን ጠራ እንጂ ኃይሉ ፋብሪካውን አልጠራም።

በመሆኑም በሐይቁ ዳር ኬብል ለማምረት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊቆጥር የሚገባው ሜጋ ዋት ሳይሆን ጥቅል ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ስንት ቤት ይሠራል? የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በወር ስንት ጥቅል ሽቦ ያነሳሉ? ነጋዴዎቹ በአክሲዮን ተባብረው ከቤት ውስጥ መስመር ሽቦ ቢጀምሩ ገበያቸውን ይዘው ይገባሉ። ከከፍተኛ ኃይል ኬብል ልጀምር የሚል ግን የመንግሥት ጨረታና የባንክ ዶላር ሲጠብቅ ማሽኑ አቧራ ይለብሳል።