የእምዬ ጠገራ ብር ስንት ያወጣል?

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ በአንድ ነገር መስማማት አቃተን። ታላቅ እህቴ ጥር ላይ ትዳራለች። እናቴ ታዲያ የአያቴ ማርትሬዛ ቀልጦ ለሙሽራዋ የአንገት መስቀልና ጉትቻ ይሁን አለች። አያቴ፣ እኛ እምዬ ነው የምንላቸው፣ ዝም አሉ። እኔ ተቃወምኩ። «ገና ተማሪ ሆነሽ አንቺን ምን አገባሽ!» ተባልኩ። ያን ጊዜ ምክንያቴን በቅጡ ስላላስረዳሁ እዚህ ልጻፈው።

ለማያውቀው ለማስታወስ ያህል፣ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የምንለው በአንድ ጎኑ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ፣ በሌላው ጎኑ ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለበት ነው። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ ከ23 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ከከተማችን ብዙ በማይርቀው በባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴ በአሞሌ ጨው ሲመነዝረው ኖሯል። ነጋዴው የንግሥቲቱን ዕንቁና የትከሻዋን ጌጥ ሳያይ አይቀበልም፤ ከደበዘዘ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር አሳትመው እንኳ ሰው ማርትሬዛውን አልተወም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ግን ከገበያ እየወጣ ወደ ሣጥንና ወደ አንገት ገባ።

ከእናቴ ጋር ሆነን አንጥረኛ ዘንድ ወሰድነው። ሚዛን ላይ አስቀመጠና «ይኼማ ወቄት አይሞላም፣ ተበልቷል» አለን። ወቄት የሚባለው ሚዛን ራሱ የሚለካው በማርትሬዛ ክብደት ነበር፤ የእምዬ ብር እንግዲህ ከራሱ ሚዛን ጎድሏል ማለት ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ጽሑፍ ነበረ፤ ልብስና ቆዳ ስለበላው አሁን ዳሰሳ ብቻ ነው የቀረው። እኛ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የእርጅና ቅናሽ የምንለው ይኸው ነው። መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ በዚህኛው ንብረት ላይ ስሌቱ አልሠራልኝም።

እናቴ ያነሳችው መከራከሪያ ግን ቀላል አይደለም። «እኛ የምናከብረው የብር መስቀል ሁሉ ከምን የተሠራ መሰለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንጥረኞቻችን መስቀሉንም ድሪውንም የሠሩት ብዙውን ጊዜ ማርትሬዛ እያቀለጡ ነው። ማቅለጥ ባህልን ማጥፋት ነው ብዬ ብከራከር እረታለሁ።

ብርቅ ነው ማለትም አያዋጣም። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው፤ እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲታተም ኖረ። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ማተሚያውን ወስዳ ሮማ ላይ አሳተመች፣ በዓመቱ ለንደንም ጀመረች፣ ቪየና ዛሬም ታትማለች። «አያቴ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ አላት» እያለ የሚኮራ የክፍላችን ልጅ ካለ ይጠንቀቅ። የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎችም ቢሆኑ የተበሳውን ዋጋ ይቀንሱበታል።

እኔ ግን የምከራከረው ስለ ቀዳዳው ነው። ከአንጥረኛው ስንመለስ ማታ ቡና ላይ እምዬን ጠየቅኋቸው። ሲዳሩ እናታቸው ሁለት ጠገራ ብር «ለክፉ ቀን» ብለው ሰጥተዋቸው ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲታመም አንዱን ሸጠው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ልጁ አልተረፈም። የልጁ አርባ ሳይወጣ የቀረውን አስበስተው አንገታቸው ላይ አሰሩት። «ይኼኛው ደግሞ እንዳይሄድብኝ ብዬ» አሉ። የተበሳውን ብር ማንም በሙሉ ዋጋ አይቀበልማ። እናቴ ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ የብሩን ነገር ግን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

በቱርክም ሙሽራ የወርቅ ሳንቲም ይደረግላታል፣ በደቡብ ሕንድም ሳንቲሙ ተደርድሮ የአንገት ሐብል ይሆናል። እዚያም ቢሆን ብረቱን የሚያውቅ አንጥረኛው ነው፣ ታሪኩን የሚያውቅ አንገቱ። ብሩ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ምንም ስለማይነግረን ያሰረችው ሴት ስታልፍ ተመልሶ 28 ግራም ይሆናል፤ ያውም ጎዶሎ። «ሙዚየም ይግባ» የሚሉ ጓደኞቼም አሉ። ይግባ፣ ግን ያለ ታሪኩ ከገባ «ማርትሬዛ፣ 1780» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይቀመጣል፤ ያንን ደግሞ ብሩ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ ለፋሲካ ቤት ስትሄዱ ጠይቁ። ማን ሰጣቸው? መቼ ተበሳ? አብረውት የነበሩት የት ሄዱ? ግማሽ ገጽ ይበቃል። መዝገብ መያዝ እንደሆነ የተማርነው ነው። መምህራን ከፈቀዱ ይህ መጽሔት አንድ ዓምድ ቢሰጠን የእምዬን ጽፌ ጨርሻለሁ።

ክርክሩን አሸነፍኩ እንዳትሉኝ ታዲያ። እምዬ ሁሉን ከነገሩን በኋላ «ልጅቱን ደስ ካላት ይቅለጥ፣ እኔ ነግሬያችኋለሁ» አሉ። አሁን እንቢ ያለችው እህቴ ናት። በመልሱ ቀን እንዳለ በጥቁር ማተብ አስራው ልትወጣ ነው። እናቴ ደግሞ «ከካባው ጋር አይሄድም» እያለች ነው።