ሱቁን ለማን ትቼ ልሂድ?

በዚህ ጋዜጣ ዓምዶች ላይ ዘወትር የሚነበበው ስለ ቡና ዋጋ፥ ስለ ውጭ ምንዛሪ፥ ስለ ቀረጥና ስለ መጋዘን ኪራይ ነው። እኔም ዕድሜዬን በነጋዴ ጽሕፈት ቤት ያሳለፍሁ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ የእነዚህ ነገሮች ክብደት አይጠፋኝም። ዛሬ ግን በሒሳብ መዝገባችን ውስጥ ከቶ ስላልተመዘገበው ንብረት፥ ይኸውም ስለ ነጋዴው ስለ ራሱ ሰውነት ጥቂት ለመጻፍ የአንባቢያንን ፈቃድ እለምናለሁ።

የሰውነት ማጠንከሪያ ነገር በተነሣ ቍጥር ከነጋዴ አፍ የሚወጣው መልስ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ «ጊዜ ከየት ይመጣል?» ይላል። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ «ሱቁን ለማን ትቼ ልሂድ?» ሲል ይጨምራል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ይምሰሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በመደመርና በመቀነስ የሚመለስ ሲሆን፥ በበኩሌ እውነተኛው ችግር ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከነጋዴ ይልቅ ጊዜ የጠበበው ሰው ቢፈለግ ሐኪም ይገኛል። በአሜሪካ አገር በሆስፒታል ውስጥ ለልዩ ሙያ የሚሠለጥኑ ሐኪሞች በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የተወሰነው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ይህም 80 ሰዓት የአራት ሳምንት አማካይ ስለ ሆነ ከዚያ የሚያልፍ ሳምንት መኖሩ አይቀርም። ከእነዚሁ ሐኪሞች መካከል ግን ትራያትሎን ለተባለው ውድድር የሚሠለጥኑ ይገኛሉ። ትራያትሎን ማለት ዋና፥ ቢስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚፈጸሙበት ውድድር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኦሊምፒክ ውድድሮች ጋር ሲቈጠር ርቀቱ 1,500 ሜትር ዋና፥ 40 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። የብረት ሰው የሚል ስም የተሰጠው ረዥሙ ዓይነት ደግሞ ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፥ 180 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና ሙሉ ማራቶን ነው።

ይህ ረዥሙ ውድድር በ1978 እ.ኤ.አ. በሐዋይ ደሴቶች ሲጀመር ያሰናዳው ጆን ኮሊንስ የተባለ የባሕር ኀይል መኰንን ነበር። ከተነሡት 15 ሰዎች 12ቱ ብቻ ሲፈጽሙ ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። (ሁለተኛ የወጣው ሰው ረዳቶቹ ውሃ ቢያልቅባቸው ቢራ እያጠጡት እንደ ሮጠ ይነገራል፤ ይህን ማንም እንዳይከተል።) በሚቀጥለው ዓመት ያሸነፈው ግን ለእኛ ማኅበር ይበልጥ የቀረበ ሰው ነው፤ ቶም ዋረን በሳን ዲዬጎ ከተማ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበረና። ባንኮኒ የሚጠብቅ፥ ሒሳብ የሚሰበስብ፥ ከደንበኛ ጋር የሚከራከር ሰው ማለት ነው።

ሐኪሙ ታዲያ ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል? አሠራሩ ምሥጢር የለበትም። ወደ ሆስፒታል በመኪና መሄድን ትቶ በቢስክሌት ይሄዳል፤ ስለዚህ ለመንገድ ሊያጠፋው የነበረው ጊዜ ለሥልጠና ይውላል። ከሕሙማን ጕብኝት በፊት ገና ሳይነጋ ይዋኛል። ረዥሙን ልምምድ ለዕረፍቱ ቀን ያቆየዋል። ከቢስክሌት የወረደ ሰው እግሩ እንደ እንጨት ስለሚደርቅበት ከወረደ በኋላ ወዲያው ጥቂት በመሮጥ እግሩን ያለማምዳል፤ በዚህም ሁለቱን ልምምድ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ካደረ ግን በማግስቱ አይሠለጥንም፥ ይተኛል እንጂ። የደከመ ሰው መንገድ ላይ በቢስክሌት ቢወጣ አደጋ እንደሚደርስበት ከሐኪም ይልቅ የሚያውቅ የለም። እንግሊዛዊቷ የካንሰር ሐኪም ሉሲ ጎሲጅ በዚህ በረዥሙ ውድድር በአገሯ ለማሸነፍ የበቃች ናት።

ከሁሉ ይልቅ በዝርዝር ሊታወቅ የሚገባው ግን የሮጀር ባኒስተር ታሪክ ነው። ባኒስተር በ1954 እ.ኤ.አ. በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሕክምና ተማሪ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ማይል ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሮጠ ሰው አልነበረም፤ የስዊድንና የአውስትራሊያ ሯጮች ሞክረው ቀርተው ነበር። ይህ ተማሪ ለሥልጠና ያለው ጊዜ የምሳ ሰዓቱ ብቻ ነበር። በፓዲንግተን ከሚገኘው የሩጫ ሜዳ ሄዶ የማይልን ሩብ አሥር ጊዜ ይሮጣል፤ በየመካከሉ ሁለት ደቂቃ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ሕሙማኑ ይመለሳል። በክረምቱ መጀመሪያ እያንዳንዱን ሩብ በ66 ሴኮንድ ሲሮጥ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ 61 ደረሰ፥ ከዚያም ወዲያ አልሄድ አለው። በዚህ ጊዜ ከጓደኛው ከክሪስ ብራሸር ጋር ሩጫውን ጨርሶ ትቶ ተራራ ለመውጣት ወደ ስኮትላንድ ሄደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመለስ በ59 ሴኮንድ ሮጠ። ሸቀጥ በገበያ ላይ ሲቆም ዋጋውን እያንቀጠቀጠ ከሚያወርድ ጥቂት ታግሦ የሚቆይ ነጋዴ እንደሚያተርፍ ሁሉ ዕረፍትም ከሥራ ይቈጠራል።

በሜይ 6 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. ባኒስተር ጧት በሆስፒታሉ ሥራውን ሠርቶ፥ የሩጫ ጫማውን ሾሎች በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ስሎ፥ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ ፍጥነቱን እየመሩለት ማይሉን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ፈጸመ። ክብረ ወሰኑ የቆየው 46 ቀን ብቻ ነው፤ አውስትራሊያዊው ጆን ላንዲ በፊንላንድ አሻሻለው። ባኒስተር በዚያው ዓመት መጨረሻ ሩጫን ትቶ ወደ ሕክምናው ተመለሰ፥ የነርቭ ሐኪምም ሆኖ ብዙ ዘመን አገለገለ፥ በ2018 እ.ኤ.አ. በ88 ዓመቱ አረፈ። ልብ ሊባል የሚገባው ውጤቱ ብቻ አይደለም፤ መላው ዓለም ያልቻለው ነገር የተሠራው በምሳ ሰዓት መሆኑ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር እንጂ ሥራ የሌለው ሰው አልነበረም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በውድድር ዘመኑ ማለዳ ሠልጥኖ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይገባ እንደ ነበር ሁሉም የሚያውቀው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ነጋዴ በሳምንት ስድስት ቀን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታው 2 ሰዓት ሱቁን ቢጠብቅ 72 ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ 8 ሰዓት ቢተኛ 56 ሰዓት ነው። ቀሪው 40 ሰዓት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፥ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ፥ እንደሚያስፈልግ ገልጿል። 150 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከ40 ሰዓት ውስጥ ከዐሥራ ስድስት አንዱ እጅ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ጊዜ ስለ ገበያ ወሬ በማውራት እንደምናሳልፍ ደፍሮ የሚክድ ነጋዴ አላውቅም። አራት መቶ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ ባንክ በመኪና ለመሄድ ማቆሚያ ቦታ ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው ግን አውቃለሁ።

ይህ ነገር ለጤና ያለውን ጥቅም በምሳሌ ለማየት የሚፈልግ የለንደንን አውቶቡሶች ያስታውስ። ጄረሚ ሞሪስ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚያዙት በጥቂቱ መሆኑን አሳየ። መኪናው አንድ፥ መንገዱ አንድ፥ አሠሪውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ መቀመጥና መንቀሳቀስ ነው። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ሞተ። በእኛም መደብሮች ውስጥ ጭነት የሚያወርደው ሠራተኛ ትኬት ቆራጩን፥ ከባንኮኒው በስተ ኋላ የሚቀመጠው ባለቤት ደግሞ ሾፌሩን ይመስላል።

ጊዜ የሚለው ጥያቄ በዚህ ካለቀ የቀረው የቁልፉ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

ሐኪም ሕሙማኑን ትቶ ሊሮጥ የሚችለው ልቡ ስለ ደነደነ አይደለም። ርክክብ ስላለ ነው። ተረኛው ሐኪም ሲወጣ ለሚገባው እገሌ በዚህ አልጋ ላይ ነው፥ ሕመሙ ይህ ነው፥ የተሰጠው መድኃኒት ይህን ያህል ነው፥ ሌሊት እንዲህ ቢሆን እንዲህ አድርግ ብሎ በቃልም በጽሑፍም ያስረክባል። የሰው ነፍስ ያህል ነገር በእንዲህ ያለ ሥርዓት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ከሆነ፥ የጨርቅ ጣቃና የሳሙና ካርቶን ለአንድ ሰዓት ማስረከብ የሚያቅተን ለምንድን ነው? ርክክብ የሚለው ቃል እኮ ከማንም ይልቅ የእኛ የንግድ ሰዎች ቃል ነው። ዕቃ ስናስረክብ ሰነድ እናዘጋጃለን፤ ሥራውን ግን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን።

የማውቀው አንድ አስመጪ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሠራተኛውን ሁሉ ይጠረጥር ስለ ነበር የካዝናውንም የመጋዘኑንም ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ይውላል፥ የባንኩም ፊርማ የእርሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደሙ ከፍ ብሎ ወደቀና ሆስፒታል ገባ፥ ለብዙ ሳምንታትም አንደበቱ ተይዞ ቆየ። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ነበር። ቀረጥ ለመክፈል ገንዘቡ በባንክ አለ፥ የሚፈርም ግን የለም። ዲክላራሲዮኑን የሚያስፈጽመው ወኪል የሚያነጋግረው ሰው አጣ። የማከማቻው ኪራይ በየቀኑ ይቈጠር ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት አያውቁም፤ መዝገቡ በራሱ ላይ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረምና። ያን ጊዜ ቁልፉ ከአንገቱ ሲወልቅ የወሰደው ያልመረጠው ሰው ነው።

በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ሱቁን ትቶ የሚራመድ ነጋዴ እንግዲህ ሁለት ትርፍ አለው። አንደኛው በሰውነቱ ላይ የሚታይ ነው። ሁለተኛው፥ እርሱ በሌለበት ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በየቀኑ ይፈትናል። ገንዘብ ቢጐድል በትንሹ ሲጐድል ያውቀዋል፥ ታማኙንም ከማይታመነው በአምስት መቶ ብር ይለየዋል፤ ሆስፒታል ተኝቶ በአምስት መቶ ሺህ ብር ከሚለየው ይህ ይረክሳል። ለከባዱ ነገር ደግሞ የተወሰነ ሥልጣን ያለው ውክልና በሕጋዊው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብና በባንክ ሁለተኛ ፈራሚ ማስገባት ይቻላል። ውክልና የሚሰጥ ሰው ሞቱን ያሰበ ይመስለዋል የሚሉ አሉ፤ ሐኪሙ ግን ወደ ቤቱ ለመሄድ እንጂ ለመሞት ብሎ አያስረክብም።

ይህ ሁሉ ስለ ባለቤቱ ሲነገር ሠራተኛው መረሳት የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖታል። ገንዘብ ያዧ፥ መዝገብ ያዡና እኔን የመሰለው ጸሐፊ ከወንበር ተነሥተን የማናውቅ ሰዎች ነን። አሠሪው ለራሱ ያገኘውን የእግር ጕዞ ለእነርሱ ቢከለክል ርክክቡ ግማሽ ይሆናል፤ የሚረከበውም ሰው ታሞ የሚቀር ከሆነ ምን ጥቅም አለው? ዕድሜያቸው ከገፋና የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ይህን ለመጀመር የሚያስብ ቢኖር አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሩጫ ሳይሆን እርምጃ ይጀምር። ትራያትሎን ግባ የሚለው ማንም የለም።

እኔ በምሠራበት መደብር የተያዘው ሥርዓት ይህ ነው። ቁልፉ ሁለት ሲሆን አንዱ በአሠሪዬ፥ ሁለተኛው በገንዘብ ያዧ እጅ ይገኛል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አሠሪዬ በአንድ ገጽ ላይ አራት ነገር ጽፈው ይፈርማሉ፤ በመሳቢያው ያለውን ገንዘብ፥ የሚጠበቀውን ዕቃ፥ ቴሌፎን የሚደውለውን ደንበኛ፥ ያለ እርሳቸው ፈቃድ በዱቤ እንዳይሰጥ የሚከለከለውን ሰው። ከዚያ በኋላ ከአንደኛው ሠራተኛ ጋር ይራመዳሉ፤ ሠራተኛው በየቀኑ ይለዋወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት በየዐሥር ደቂቃው ይደውሉ ነበር፤ አሁን ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ይወጣሉ።

ንግድ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይህን የርክክብ ገጽ ለአባላት በናሙና አሳትሞ ቢያድል ወጪው የጥቂት ወረቀት ነው። ናሙናውን ለሚፈልግ ሁሉ ገልብጬ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፤ አሠሪዬም ፈቅደዋል።